አንድ እግር ጫማ ከአያ ሰይድ ሱቅ

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ መናኸሪያ በር ላይ ሳልፍ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ፣ ረዳቱ ከወንበር ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ ለአንድ ጎረምሳ ሲያቀብለው ደረስኩ። ልጁ ቤቱ እስኪገባ የት ሊታገሥ! እዚያው ባጃጅ ላይ ቁጭ ብሎ ፕላስተሩን በጥርሱ ቀደደው። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው መጣ፤ አዲስ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ገና የሰው እግር ያልገባበት ቆዳ። ቀጥ አልኩ። ከዘራዬን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን ስስበው ኖሮ፣ ልጁ ቀና አለና «ጋሼ፣ ምን ሁነው ነው? ጫማ እኮ ነው» አለኝ። ጫማ መሆኑ ጠፍቶኝ መስሎታል! ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። «ልክህ ነው ወይ?» አልኩት። «ሥዕሉ ላይ ልኬ ነበር» አለኝና አጠለቀው። ወዲህ ረገጠ፣ ወዲያ ረገጠ፣ ፊቱ ጭምድድ አለ፤ «ስትለመድ ትሰፋለች» ብሎ ራሱን አጽናና። ልመልሰው ቢልስ ለማን ይመልሳል? የሸጠለት ሰው አዲስ አበባ ይሁን ዱባይ ልጁም አያውቅ። እኔ ግን ያን ጊዜ በሐሳቤ አስፋልቱን ተሻግሬ አያ ሰይድ በረንዳ ላይ ደርሼ ነበር።

አያ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሐይቅ ከተማ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ ሁለተኛ አልነበረንም። ሱቁ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በሻይ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል የተሸጎጠ ነው። ከበሩ በላይ ሠዓሊው ኳስ የሳለ መስሎት ዱባ ስሎበታል። አያ ሰይድ «ተወው፣ የራበውም ይገባል» ብሎ ሳያስጠፋው ኖረ። እኔ ልብስ ሰፊው አድማሱ በረንዳው ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ስቀመጥ ጢሜ ገና አላበቀለም ነበር፤ ስነሳ ሽበት ጨርሶኛል። በዕድሜ ትንሽ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ፤ ስንጣላ ደግሞ አያውን ትቼ በስሙ ብቻ እጠራዋለሁ፤ ሳንጣላ የዋልንበትን ቀን አላስታውስም። ሱቅ ውስጥ አይጥ ገባች ብለን እንጣላለን፣ ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም ብለን እንጣላለን። በረመዳን እሱ ሲጾም እኔ ፊቱ ሻይ አልጠጣም፤ እኔ ሁዳዴ ስይዝ ግን እሱ ጥብሱን በልቶ ይመጣና «እስቲ አፌን አሽትት፣ አድማሱ፣ ጾም አይፈርስም» እያለ ይስቅብኛል።

ያኔ ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ፓስቲ በስሙኒ ነው። ነጩ ሸራ ጫማ፣ ያ በጎኑ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ባምስት ብር ይሸጣል፤ ሲቆሽሽ ታጥቦ ከትምህርት ቤት በተሰረቀ ጠመኔ ይነጣል፤ ባለቤቱ ሲራመድ ጠመኔው ከኋላው እየቦነነ ሙሽራ ያስመስለዋል። ታኬታ ግን የትልቅ ሰው ነገር ነበር፤ ዋጋው በግ ይገዛል። ኳሱ የቆዳ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ከመነዳሪ የሚሉት የጎማ ፊኛ በተነፈሰ ቁጥር ክሩ ይፈታል፣ በወስፌ ተመልሶ ይሰፋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ እንዳይጠጣ ከሉካንዳ በተለመነ ሞራ ይታሻል። ሞራ የተቀባ ኳስ በግንባርህ ስትመታ ማታ ትራስህ ላይ ድመት ይተኛብሃል። እኔ ቤልቦተም ሱሪ የምሰፋበት ዘመን ነው፤ ታችኛው አፉ ሰፍቶ ሰፍቶ ጎረምሶቹ መንገዱን እየጠረጉ ነው የሚሄዱት። ፊት ለፊታችን ካለው ሙዚቃ ቤት አምባሰሉና ባቲው ሲንቆረቆር ይውላል። ካሴቱ ፀሐይ ስለመታው ዘፋኟ ድምፅዋን ስትጎትት እኔም የመኪናዬን መርገጫ አብሬ እጎትታለሁ፤ የዚያ ሰሞን ሱሪዎች ስፌታቸው ጠማማ ቢሆን የኔ ጥፋት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ የዓሣውን ሽታ ያመጣና ከጎማው ጋር ያደባልቀዋል። ዛሬ ያን ሽታ የሚሸጥልኝ ባገኝ፣ እውነቴን ነው፣ በጠርሙስ እገዛው ነበር።

የግሸን ሰሞንማ ሌላ ነው። መስከረም ሲጋመስ ምዕመኑ ከየአገሩ በአውቶቡስ ይግተለተላል፤ ግማሹ በቆዳ ጫማ፣ ግማሹ በባለ ተረከዝ። ያን ተራራ በዚያ ጫማ ሊወጣ! አያ ሰይድ ከነሐሴ ጀምሮ ሸራ ጫማ በየልኩ ያከማችላቸዋል። «እዚያ ላይ ወጥተው እግራችንን አቆሰለን ብለው እንዳይከሱኝ» ይለኛል። «ለማን ነው የሚከሱህ?» ስለው «ለማርያም ነዋ!» ይላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ሰው ጫማ አጥልቆ እስከ መስጊዱ ጥግ ደርሶ ሳይመለስ አይገዛም። ዓመቱን አላስታውስም፣ አንድ የሸዋ ሰው የቆዳ ጫማውን ሱቁ ውስጥ ትቶ፣ ሸራውን አጥልቆ፣ መስጊዱ ጥግ ሲደርስ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አየና ተንጠላጥሎ ሄደ። እኔ «ተበላህ» ብዬ ሳምንት ሙሉ ሳቅኩበት። ክብረ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሰውየው አቧራ ጠጥቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ በበሩ ገባና «ሞክሬያታለሁ፣ ትሆነኛለች» ብሎ ከፈለ። አያ ሰይድም ሳይስቅ «ባትሆንህ ኖሮ ልለውጥልህ ነበር» አለው።

ሱቁን ከደሴም ከወልድያም ሱቅ የለየው ግን አንድ እግር ጫማ ነው። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሁለት የሐይቅ ዳር ልጆች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ለአንድ ታኬታ የሚሆን ብር አዋጥተው መጡ። ሁለቱም አጥቂዎች ናቸው፣ ሁለቱም በቀኝ ነው የሚመቱት። «አያ ሰይድ፣ ሁለት ቀኝ ስጠን» አሉት። እኔ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። እሱ ጢሙን ሲያሽ ቆየና «ግራዎቹንስ ማን ያገባቸዋል?» አለ። «ግራኝ አይጠፋም» አሉት ልጆቹ። ሰጣቸው። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱም በቀኝ እግራቸው ታኬታ፣ በግራቸው አሮጌ ሸራ አድርገው ሜዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ከውጫሌም ከመርሳም እየመጣ «ቀኟን ብቻ» የማይል ተጫዋች ጠፋ። የቀሩትን ግራዎች አያ ሰይድ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ መደርደሪያ ሠርቶ አስቀመጣቸው፤ እኔ የፈቶች መደርደሪያ ብዬ ስም አወጣሁለት፣ ከተማውም ያንኑ ያዘ። በግራው የሚመታ ልጅ በበሩ ሲገባ እንደ ሽማግሌ እንግዳ ነው የምንነሳለት። «ና ልጄ፣ ና፣ ሙሽሮችህ እየጠበቁህ ነው» ይለዋል አያ ሰይድ፤ ልጁ መርጦ፣ ተሞሽሮ ይወጣል። ግራኝ ግን ጥቂት ነውና መደርደሪያው እየሞላ ሄደ። ስንቴ «ጣላቸው እንጂ፣ ቦታ ያዙብህ» ብዬዋለሁ። «አንተ ብትፈታ ይጥሉሃል?» ይለኛል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። የኳሱ ቆዳ ፕላስቲክ ሆነ፣ ቤልቦተሙ ጠበበ፣ ካሴቱ ሲዲ ሆኖ እሱም ቀረ። የኔ ሥራ የማልያ ቁጥር ነው፤ ከነጭ አቡጀዲ ቀድጄ ጀርባቸው ላይ እሰፋለሁ። ቡድን ማልያ ሊያስቆጥር ሲመጣ በረንዳው ፍርድ ቤት ይሆናል፤ ሁሉም ዐሥር ቁጥር ነው የሚፈልገው። «ዐሥር ለማን ይገባል?» ብሎ አያ ሰይድ ከባንኮኒው ይጠይቃል፣ ጎረቤቱ ይመሰክራል፣ ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ መጥቶ ይመሰክራል፣ በመጨረሻ ቁጥሩ ለባለቤቱ ይደርሳል፤ የቀረው አኩርፎ ሰባት ይወስዳል። ከዚያ ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ፣ ወጣቱ ሁሉ በየመንገዱ ሲዘፍን በሰነበተበት ሰሞን፣ ስልኩም አብሮ መጣ። ጅዳና ዱባይ ያሉ እህቶች ለወንድሞቻቸው ስልክ ላኩ፤ ልጆቹ ቴሌግራም ላይ ገብተው ማልያ ማዘዝ ጀመሩ። የሐይቅ ዳር ቡድን እያንዳንዱ በየቤቱ፣ በየስልኩ አዘዘ። ዕቃው ደርሶ ሜዳ ላይ ሲለብሱት በረኛው ሳይቀር ሁሉም ዐሥር ቁጥር ሆነው ተገኙ! ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ማንን ነው በካርድ የማስወጣው?» ብሎ ቆመ። ሰኞ ዕለት ማልያቸውን ተሸክመው እኔ ዘንድ መጡ። የታተመው ቁጥር የማይተረተር ሆኖ በላዩ ላይ አቡጀዲ ደረትኩበት። ያን ቀን አያ ሰይድ እንባው እስኪፈስ ስቆ ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የገዢው ቁጥር እየሳሳ ሄደ። ልጆቹ ሱቁ ይመጣሉ፣ ጫማውን አጥልቀው ይለካሉ፣ ቁጥሩን ያውቃሉ፣ «እንመለሳለን» ብለው ይወጡና በስልክ ያዛሉ። እኔ በንዴት ከበረንዳው ላባርራቸው ስነሳ አያ ሰይድ ይይዘኛል። «ልጆቹ ምን አጠፉ? ረከሰላቸው፣ ገዙ። አንተ ከማን ነው ጨው የምትገዛው፣ ካስወደደብህ?» ይለኛል። እኔ ግን ያን ጊዜም ዛሬም ይቆጨኛል። ጨው እግር አያቆስልም። ጫማ የሚሸጥልህ ሰው እግርህን ማወቅ አለበት፤ አያ ሰይድ ደግሞ የከተማውን እግር ሁሉ ያውቅ ነበር። የማን ልጅ ትንሽ ጣቱ እንደሚወጣ፣ የማን አባት ቁርጭምጭሚቱ እንደሚያብጥ ያውቃል። ስልክ ይህን ከየት ያውቃል?

ከዚያ ጦርነቱ ከሰሜን እየተንከባለለ መጥቶ አንድ ቀን ከተማችን ደረሰ። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አይየው። እንደ ሰው ሁሉ ልጆቻችንን ይዘን በእግራችን ወጣን፣ እንደ ሰው ሁሉ ነገሩ ሲያልፍ ተመለስን። የሱቁ በር ታጥፎ ተንጋዷል። ኳሱ፣ ማልያው፣ ታኬታው፣ ፊሽካው፣ መንፊያው፣ መጋረጃው ሳይቀር ሄዷል። የኔም መኪና ከበረንዳው ጓዳ ተወስዳለች፤ ክሮቼ በየአቅጣጫው ተዘርግተው ዝናብ መቷቸዋል። እናቴ በግ ሸጣ የገዛችልኝ መኪና ነበረች፣ አለቀስኩባት፤ አላፍርም። የፈቶች መደርደሪያ ላይ የነበሩት ጫማዎች ግን ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘናቸው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥንድ ሲፈልግላቸው እንደቆየ ያስታውቃል፤ እያጣመረ፣ አልገጥም ሲሉት እየወረወረ። ከሱቁ ሁሉ የተረፉት እነሱ ብቻ ናቸው።

አያ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን አለች» አለና አንድ በአንድ አንስቶ መደርደሪያው ላይ መለሳቸው። በሩን በሽቦ አሰረው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ሪያድ ያሉት ልጆቹ ገንዘብ እንላክልህና ዕቃ አስገባ ቢሉት እምቢ አለ። በየቀኑ እየሄድኩ እነዘንዘዋለሁ። «ሱቅ የሚከፈተው በዕቃ ነው እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን። «አድማሱ፣ ወላሂ ሰው ፊት ቆሜ ምን ልስጥህ የምልበት አፍ የለኝም። የማላውቀው ሰው በበሬ ሲገባ ማየት አልፈልግም።» ይህን ያለው እኮ ለማንም መንገደኛ ጫማ አስሞክሮ አውቶቡስ ላይ የሚሰድድ ሰው ነው። እኔ ለሱቁ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ በዓይኔ ሥር እየሟሸሸ ነበር፤ ጮክ ብሎ መጣላት እንኳ ትቷል። ሱቁን ለአንድ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነጋዴ ሊያከራየው ተነጋገረ። ከዚያ ወዲያ አያ ሰይድ እንደማይነሳ ልቤ ያውቀዋል።

ነጋዴው ሊረከብ በቀጠረበት ቀን መደርደሪያውን ልንነቅል ሄድን። በሩን እንደከፈትን እንድሪስ በክራንች እየተራመደ መጣና በረንዳው ላይ ቆመ። እንድሪስ ዐሥር ቁጥር ከለበሱት አንዱ፣ የሐይቅ ዳር በረኛ ነበር፤ ከግንባር የተመለሰው በግራ እግሩ ብቻ ነው። ፌስታል ይዟል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ሰይድ።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ እንድሪስ። ሱቁ ተዘግቷል ልጄ። ዕቃም የለን።»

«ልገዛ አይደለም» አለና ከፌስታሉ አንዲት የቀኝ ጫማ አወጣ። አፏ ውስጥ የፋብሪካው ወረቀት እንዳለ ነው። «እህቴ ከጅዳ ላከችልኝና በስልክ አዘዝኩ። ግራዋን ብቻ ላኩልኝ ብላቸው ሳቁብኝ፤ ስቀልድ መስሏቸው። ግራዋን ይኸው አድርጌያታለሁ። ይችን ግን… አልጥላት፣ አዲስ ናት። ቤት ሳስቀምጣት ስተኛም ስነቃም ታየኛለች። እማዬ አልጋ ሥር ደበቀቻት፤ እዚያም መኖሯን አውቃለሁ። እርስዎ አንድ እግር ይሸጡ የለ? ይውሰዱልኝ፣ በነፃም ቢሆን።»

አያ ሰይድ ጫማዋን ተቀበለው። እንደ ድሮው አፍንጫዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት፣ ገለበጣት፣ ሶሏን አየ። መደርደሪያው ላይ ወስዶ አስቀመጣት፤ ከጎኗ ያሉትን ግራዎች አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ። እኔ ልጁን ማየት አቅቶኝ የበሩን ሽቦ እጠመዝዛለሁ።

«ግራዋስ ልክህ ናት?» አለ አያ ሰይድ ሳይዞር።

«ትንሽ ጣቴ ላይ ትይዘኛለች።»

«ትይዝሃለች እንጂ! የአባትህ እግር እኮ ነው፣ ትንሽ ጣቱ ወጣ ያለች። ና ቁጭ በል። አድማሱ፣ ወንበር ስጠው፣ ምን ትገተርብኛለህ?»

ከግራዎቹ መካከል አፏ ሰፋ ያለች አንዷን አውጥቶ፣ አቧራዋን በሽርጡ ጠርጎ፣ ተንበርክኮ ራሱ አጠለቀለት። ልጁ ክራንቹን ይዞ ቆመ፣ ረገጠ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እየዘለለ በረንዳው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ነጋዴው ቁልፍ ሊቀበል የመጣው ይህን ጊዜ ነው። አያ ሰይድ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ «አፉ በለኝ ወንድሜ፣ ሱቁ ሰው አለበት» አለው። ነጋዴው ባዶውን ሱቅ አየ፣ እኛን አየ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

በሚገርም ሁኔታ ሱቁ በፈቶቹ ተከፈተ። እንድሪስ ደሴ አብረውት ለታከሙ ነገራቸው፤ አንዱ ቀኝ ፈልጎ ይመጣል፣ አንዱ የተረፈችውን ግራ አስረክቦ ይሄዳል። እነሱ በክራንች ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ኳስ መጫወት ጀምረው ነበርና የጫማው ነገር ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን እንድሪስ ጫማዎቹን ደርድሮ በስልኩ ፎቶ አነሳቸውና ቴሌግራም ላይ ለጠፈ። «አንድ እግር ጫማ፣ ቀኝም ግራም፣ ከሐይቅ» ብሎ ጻፈበት። እኔ «ያ የበላን ነገር እዚህም ገባ?» ብዬ ተቆጣሁ። ከጎንደር ተደወለ፣ ከሸዋ ተደወለ፣ ከአፋር ተደወለ። አያ ሰይድ ግን በስልክም ቢሆን ሕጉን አልለቀቀም፤ ደዋዩ እግሩን ወረቀት ላይ ስሎ ፎቶውን ሳይልክለት፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ሳይጠይቅ አይሸጥም። ስልክ ይዞ ሲነዘንዛቸው ለሚሰማው የዘመድ ሐኪም ይመስላል። ጫማ በፌስታል አይላክም ብሎ ስለሚያምን ለእያንዳንዷ ከአቡጀዲ ባለ ማሰሪያ ከረጢት እንድሰፋ አዘዘኝ፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በገዛኋት ያገለገለች መኪና እሰፋለሁ፣ እንድሪስ ለሚኒባስ ረዳት ያስረክባል። መጣላታችንንም ቀጠልን። ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የአያ ሰይድ ጆሮ ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍተን ነው የምናነሳው። «ሃሎ፣ አንድ እግር ጫማ የምትሸጡት ናችሁ?» አለ ደዋዩ። ወጣት ነው። አነጋገሩ ግን የኛ አገር አይደለም፤ ጦርነቱ ከተማችን በገባበት ሰሞን በመንገዳችን ላይ የሰማነው አነጋገር ነው። እንድሪስ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አኑሮ እጁን ሰበሰበ። እኔ ደሜ ፈላ። «ዝጋው» አልኩት። «ዝጋው እንጂ!»

አያ ሰይድ በእጁ ዝም በል አለኝ። «አዎ፣ ነን» አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ።

«ከየት ነው የምትልኩት፣ አባ?»

«ከሐይቅ።»

«ሐይቅን አውቃታለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ሱቄንስ ታውቃታለህ? አስፋልቱ ዳር ናት።»

«አላውቅም፣ አባ። ብዙ ሱቅ ነበር።»

አያ ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያድርግ ይርገም አላወቅሁም። እንድሪስ ወለሉን ያያል። እኔ አያ ሰይድን ነው የማየው፤ እንደገና ሽቦውን አምጥቶ በሩን ሊያስር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ያን ቀን ቢዘጋው ማንም አይፈርድበትም፤ እኔ ራሴ ሽቦውን አቀብለው ነበር።

«የቱ እግርህ ነው ያለህ?» አለ በመጨረሻ።

«ግራ።»

«እንደኔ» አለ እንድሪስ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

«ቁጥርህስ ስንት ነው ልጄ? ቆይ፣ ቁጥሩን ተወው። ወረቀት አለህ? እግርህን አስቀምጥበትና ዙሪያውን በእርሳስ ሳለው። የሚያምህ ቦታ ካለ ምልክት አድርግበት። አንሳውና ላክልን።» ድምፁ የድሮ ድምፁ ነው፤ ለማንም መንገደኛ፣ ለማንም የግሸን እንግዳ የሚያወጣው ድምፅ። ልጁ «እሺ አባ» አለ፣ ሌላም ነገር ሊል ጀምሮ ተወው፣ ስልኩ ተዘጋ።

አያ ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «አድማሱ፣ ከረጢት።»

አልሰፋም ልለው አፌን ከፈትኩ። መኪናዬን ልጠራበት ነበር፣ እናቴን ልጠራበት ነበር። ፊቱን አየሁት፤ የደከመ ነው፣ ግን ከዚያ ሁሉ ወር ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ሰላም አለው። አቡጀዲውን ቀደድኩ፣ አጠፍኩ፣ መኪናዋ ላይ አደረግሁት። ክሩ ግን መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ቀዳዳው አይታየኝም። በምራቄ አርሼ፣ አሹዬ ሞከርኩ፣ አልሆነም። እንድሪስ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ ክሩን ከእጄ ወስዶ አስገባልኝ።